ቆጠራው በፊታችን ይሁን

የማኅበራችን ምርጫ እየቀረበ በመሄዱ በየመኝታ ክፍሉና በምግብ አዳራሹ የሚሰማው ወሬ ስለ ዕጩዎቹ ችሎታ መሆኑ ቀርቶ ስለ ቆጠራው ሆኗል። «ማን ይመረጥ ይሆን?» የሚለው ጥቂት ነው፤ «ማን ተመረጠ ይሉን ይሆን?» የሚለው ግን ብዙ ነው። ባለፈው ዓመት የድምፅ ወረቀቱ የተቆጠረው በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ተወዳዳሪዎቹም ሆኑ መራጮቹ በሌሉበት መሆኑን ሁላችንም እናስታውሳለን። ተሰርቋል አንልም፤ ማስረጃ የለንምና። ነገር ግን አልተሰረቀም ብሎ ሊያስረዳን የሚችል አንድ ሰው እንኳ አለመገኘቱ ነው ጉዳዩን ያከፋው። የተመረጡት ጓደኞቻችን ዓመቱን ሙሉ በጥርጣሬ ጥላ ሥር ሠሩ፤ በቅንነት የሠሩትም ቅንነታቸው አልታመነላቸውም። ስለዚህ የተዘጋው በር የበደለው የተሸነፉትን ብቻ ሳይሆን ያሸነፉትንም ጭምር ነው።

ይህ የትንሿ ማኅበራችን ነገር የትልቋ አገራችንም ነገር በመሆኑ በዛሬው ርእሰ አንቀጻችን ትንሽ ሰፋ አድርገን ልንመለከተው ወደድን።

በመራዊ፣ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም አካባቢ ተወልዶ ያደገ ጓደኛችን ሁሉ ዕቁብ ሲወጣ አይቷል። ስሞቹ በቁራጭ ወረቀት ይጻፋሉ፤ ወረቀቶቹ ይጠቀለላሉ፤ በቆብ ውስጥ ገብተው ይናወጣሉ፤ ከነገሩ ምንም ጥቅም የሌለው ትንሽ ልጅ ተጠርቶ አንዱን ያወጣል። የወጣው ስም በሁሉም ፊት ይነበባል። የሚጠራጠር ካለ የቀሩትን ወረቀቶች እየፈታ ማየት ይችላል፤ ማንም አይቆጣውም። ያልደረሰው ሰው ቅር እያለው ይሄዳል እንጂ ተሰረቅሁ እያለ አይሄድም። ዕቁቡ የሚታመነው ዳኛው ጻድቅ ስለሆነ አይደለም፤ ዳኛው ጻድቅ ባይሆንም እንኳ ሊያጭበረብር የማይችልበት ሥርዐት ስለተበጀለት ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ሲያበጁ የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ክፍል አልገቡም። እኛ የገባነው ግን ገና ይህን ያህል አልደረስንም።

በአገራችን ሕዝቡ እንደራሴዎቹን በቀጥታ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው በ1950 ዓ.ም. መባቻ ነው። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ለመመረጥ የሚፈልግ ሰው በሚወዳደርበት አውራጃ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ዘመን 1,000 ብር ምን ያህል ገንዘብ እንደ ነበረ አያቶቻችንን መጠየቅ ነው። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ፓርላማው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅን ሲያጸድቅ፣ የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ጠብመንጃውን አንሥቶ ለካኞችን አላስገባም አለ። ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ ርስቴ ሊወሰድ ነው የሚለው ሥጋትም በጠቅላይ ግዛቱ አገረ ገዥ ላይ የነበረው ምሬትም ነበረበት። እኛ ግን አንድ ነገር ሳንጠይቅ አናልፍም። ያ ገበሬ በፓርላማው ውስጥ እንደራሴ ነበረው። ሕጉን ያወጣው የእኔ ሰው ነው ብሎ ያምን ኖሮ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጫካው ነበርን? ወይስ ወደ እንደራሴው? በመጨረሻ መንግሥቱ አገረ ገዥውን ለወጠ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ገበሬው ከዚህ የተማረው ትምህርት ግን ጠብመንጃ ከድምፅ ወረቀት ይልቅ ቶሎ ይሰማል የሚል ነው። ይህን ትምህርት ያስተማረው ደግሞ ራሱ መንግሥት ነው።

በደርግ ዘመን በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ የተደረገውን ምርጫ በአጭሩ እናልፈዋለን፤ ዕጩውንም ቆጣሪውንም አንድ ፓርቲ ባቀረበበት ጊዜ የሚባል ብዙ ነገር የለም። ይልቅ ስለ ምርጫ በሚነገርበት ጊዜ እምብዛም የማይነሣ አንድ ነገር እናንሣ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሥልጣን ላይ የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው ከአንድ ሔክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ጎረቤቶቻቸው በስብሰባ እጅ አውጥተው የመረጧቸው ነበሩ። አንዳንዶቹ ሥልጣናቸውን ለመበዝበዣ እንዳዋሉት አንክድም። ነገር ግን የገበሬው ልጅ ከዚህ ምን አየ? አባቱ በአንደኛው መንግሥት ጊዜ ስለተመረጠ በሁለተኛው መንግሥት ጊዜ መሬቱ እንደተቆረሰ አየ። ምርጫ ማለት ወረቀት የመጣል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ኋላ የሚመጣ ዕዳ ያለበት ነገር መሆኑን ተረዳ። እንግዲህ ዛሬ በገጠር «ተወዳደር» ሲባል አንገቱን የሚደፋውን ሰው አልነቃም ብለን ከመውቀሳችን በፊት የሚያውቀውን ማወቅ ይገባናል።

«ሕዝቡ ገና ለምርጫ አልበሰለም» የሚለውን አነጋገር ከተማሩ ሰዎች አፍ ደጋግመን ስለሰማነው ለሱ የምንሰጠው መልስ አለን፤ መልሳችንም ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ547 መቀመጫዎች 12 ብቻ ነበር ያገኙት። በ1997 ዓ.ም. ግን ክርክሩ በሬዲዮና በቴሌቪዥን በመተላለፉ ገበሬው በየመንደሩ ሬዲዮ ከብቦ ሲያዳምጥ ከረመና በዕለቱ ገና ሳይነጋ ተሰልፎ ዋለ። ተቃዋሚዎች ከ170 የሚበልጥ መቀመጫ አገኙ፤ በአዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ቅንጅት ወሰደ፤ በአማራ ክልልም በብዙ የገጠር የምርጫ ክልሎች የገዥው ፓርቲ ሰዎች ተሸነፉ። ያልበሰለው መራጩ አልነበረም። ያልበሰለው ቆጠራው ነበር። ውጤቱ በይፋ ሳይታወቅ ገዥው ፓርቲም ተቃዋሚዎቹም በየበኩላቸው አሸነፍን አሉ፤ በምርጫው ማግሥት ሰላማዊ ሰልፍ ለአንድ ወር ተከለከለ፤ አቤቱታው በዝቶ በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ ተደረገ፤ የመጨረሻው ውጤት የታወቀው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። በዚህ መካከል ኮሮጆው የት እንዳደረ የሚያውቅ አልነበረም። «ኮሮጆ ግልበጣ» የሚለው አነጋገር በቋንቋችን ሥር የሰደደው ያን ጊዜ ነው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን እንዳረጋገጠው 193 ሲቪል ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ። የሰኔው ነገር የተጀመረው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በተማሪዎች መሆኑን ይህችን ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

መንግሥት ከ1997 ዓ.ም. የወሰደው ትምህርት ቆጠራውን ግልጽ ማድረግ ሳይሆን ቀበሌውን መሙላት ነበር። በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ወደ 300 እንዲያድግ ተደርጎ በአገሪቱ 3.6 ሚሊዮን ያህል መቀመጫ ተዘጋጀ፤ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉንም ያዙት። ቀበሌ በገጠር ምን እንደሆነ ለከተማ ልጆች ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል። ማዳበሪያ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው፤ ምርጥ ዘር፣ ብድር፣ የመሬት ደብተር፣ መታወቂያ፣ ለልጅ ትምህርት የሚያስፈልግ ደብዳቤ ሁሉ የሚገኘው በዚያው በኩል ነው። በሜጫና በቡሬ የበቆሎ አገር ማዳበሪያ በሰኔ ካልደረሰ ዓመቱ እንደጠፋ ይቆጠራል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የእርሻ ግብዓትና ዕርዳታ ተቃዋሚን ለመቅጫ ይውላል ሲል መንግሥት አስተባብሏል። ዘገባውን ማንም ይመነው፣ ማንም ይካደው፤ ማዳበሪያ የሚያድለውና መራጭ የሚመዘግበው አንድ ሰው ከሆነ ገበሬው ዘገባ ማንበብ አያስፈልገውም። ውጤቱም ታይቷል። በ2002 ዓ.ም. ከ547 መቀመጫዎች ሁለቱ ብቻ ከገዥው ፓርቲና ከአጋሮቹ እጅ ውጭ ሆኑ፤ በ2007 ዓ.ም. እነዚያም ሁለቱ ተጨመሩ። መቶ ከመቶ ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ መቶ ከመቶ የተመረጠ መንግሥት በመንገድ ላይ በወጣ ወጣት ግፊት መሪውን ለወጠ። እንዲህ ያለ ድል ለአሸናፊው ምን እንደጠቀመው የሒሳብ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ቢያስረዱን ደስ ይለናል።

ከ2010 ዓ.ም. በኋላ የተሠራውን በጎ ሥራ ማንኳሰስ አንፈልግም። በ1997 ዓ.ም. በተቃዋሚ መሪነት ተወዳድረው የታሰሩት፣ ከዚያ በፊትም ዳኛ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ፤ በዚያው ዓመት ቦርዱን እንደገና ያቋቋመው ዐዋጅ ቁጥር 1133 እና አዲሱ የምርጫ ሕግ ዐዋጅ ቁጥር 1162 ወጡ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሲደረግ፣ ሰልፉ በመርዘሙ ድምፅ የሚሰጥበት ጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት እንዲራዘም ሆነ። በየጣቢያው የተቆጠረው ድምፅ በየጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትግራይ አልመረጠችም፤ በሌሎችም ቦታዎች በጸጥታ ምክንያት ምርጫ አልተደረገም፤ በመጀመሪያ ውጤታቸው ከታወጀላቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ብልጽግና ፓርቲ ወሰደ። በገጠሩ ቀበሌና ወረዳ ግን የተለወጠ ነገር አልነበረም። በ2005 ዓ.ም. የተመረጡት የአካባቢ ምክር ቤቶች ዘመናቸው አልቆ በ2010 ዓ.ም. ይደረጋል የተባለው ምርጫ ተላለፈ፤ በ2013 ዓ.ም. ከጠቅላላው ምርጫ ጋርም አልተደረገም። ገበሬው በስሙ የሚያውቀው፣ በሩን አንኳኩቶ የሚያገኘው ሹም እርሱ ብቻ ነው፤ ድምፁን የሚሰጠው ግን በሩቅ ላለው ነው።

ከዚያስ? ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን በ2013 ዓ.ም. የተመረጡት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል አቶ ክርስቲያን ታደለ ታሰሩ፤ ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሣው ግን ከታሰሩ ከግማሽ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሰውዬው ጥፋተኛ ይሁኑ አይሁኑ የፍርድ ቤት ጉዳይ ስለሆነ አንገባበትም። ሕገ መንግሥቱ ግን እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አባሉ አይታሰርም ይላል፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የመረጣቸው ሰው የሰጠው ወረቀት ምን ዋጋ እንዳለው ራሱን ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

አሁን ስለ መራዊ እንናገር። ከመራዊ የመጡ ጓደኞቻችን በመካከላችን አሉ፤ ስለ ጥር 2016 ዓ.ም. ሲጠየቁ ዝም ስለሚሉ እኛም አስጨንቀን አልጠየቅናቸውም። የሚታወቀውን ብቻ እንጽፋለን። ጥር 20 ቀን በከተማዋ በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ከተደረገ በኋላ፣ ቢያንስ 45 ሲቪል ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኀይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ማግሥቱ አስተርእዮ ማርያም ነበረች። እንግዲህ በዚህች ከተማ ላይ አንድ ቀን የምርጫ ጣቢያ ሲከፈት፣ ወንድሟን የቀበረች ሴት ተነሥታ በወታደር መካከል ተሰልፋ አውራ ጣቷን ቀለም እንድትነከር ስንጠይቃት ምን እንላታለን? ሳጥኑ ተቆልፏል እንላታለን? ወረቀቱ በጥሩ ማተሚያ ቤት ታትሟል እንላታለን? እርሷ የምትፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ማን እንደገደለና ለምን እንደገደለ በአደባባይ በዳኛ ፊት ሲመረመር ማየት ትፈልጋለች። በእኛ አስተያየት ለመራዊ የመጀመሪያው የምርጫ ዝግጅት ይህ ምርመራ ነው። ከዚህ ሳይጀመር ሌላውን ሁሉ ማዘጋጀት መሠረት ሳይጣል ጣራ እንደ መክደን ይቆጠራል።

ይህን ስንል ለአንዱ ወገን ቆመን አይደለም። መራጩን ከሰልፍ የሚያስቀረው የመንግሥት ወታደር ቢሆን ወይም «ምርጫ የሄደ ወዮለት» የሚል የጫካ ታጣቂ ቢሆን፣ በሁለቱም ፊት የሚቀረው አንድ ዓይነት ባዶ ኮሮጆ ነው። ጠብመንጃ ይዞ በምርጫ ጣቢያ አጠገብ የሚታይ ማንም ሰው መራጭ አይደለም።

ምርመራው ይቅደም ስንል ስለ ቆጠራው የተናገርነው ይረሳ ማለታችን እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የሌሎች የአፍሪካ አገሮችን ሁኔታ ስንመለከት ተስፋ የሚሰጥ ነገር እናገኛለን። ማላዊ ከእኛ እጅግ የማትበልጥ ድሃ አገር ናት። በዚያ የተደረገውን የፕሬዚዳንት ምርጫ፣ በውጤት ቅጾቹ ላይ በማጥፊያ ቀለም የተደለዙ ቁጥሮች በብዛት በመገኘታቸው፣ የአገሪቱ ፍርድ ቤት በጥር 2012 ዓ.ም. ሰረዘው፤ በሰኔ በተደገመው ምርጫ ተቃዋሚው ላዛረስ ቻክዌራ አሸነፈ፤ ወንበሩም ተለቀቀለት። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ከሰረዘ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የአገሪቱ የምርጫ ኮሚሽን ከ46,000 በላይ ከሆኑት ጣቢያዎች የመጣውን የውጤት ቅጽ ፎቶግራፍ ሁሉም ሰው እንዲያየው በኢንተርኔት ላይ አወጣው። ጋዜጠኛውም፣ ተማሪውም፣ የፓርቲው ሰውም በየቤቱ ተቀምጦ ደመረ። ተሸናፊው ወገን ቢከስም ክርክሩ የተደረገው በወረቀት ላይ እንጂ እንደ ቀድሞው በየጎዳናው በሬሳ ላይ አልነበረም። ይህ ከዕቁቡ በምን ይለያል? የቀሩትን ወረቀቶች ፈትተህ እይ ከማለት በቀር ሌላ ምን አዲስ ነገር አለበት?

በእኛም አገር በየጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ዝናብ ሳያጠፋው ፎቶግራፉ በምርጫ ቦርድ እጅ ደርሶ በሕዝብ ፊት እንዲዘረጋ እንጠይቃለን። በዚያ ጊዜ የመራዊ ሰው ከጣቢያው በር ላይ የጻፈውን ቁጥር አዲስ አበባ ከተደመረው ጋር ያስተያያል። ኢንተርኔት በተዘጋ ጊዜ ይህ እንደማይቻል እናውቃለን፤ ስለዚህም በምርጫ ሰሞን መስመሩ እንዳይዘጋ የሚከለክል ሕግ ያስፈልጋል። ማዳበሪያ የሚያድለው ሰው መዝገብ አይያዝ። የቀበሌውም ምርጫ ቀን ይቆረጥለት፤ ከሁሉ የዘገየው እርሱ ነውና።

መምህራኖቻችን ይህን ሲያነቡ «ይህ የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ ተማሪ ምን አገባው?» ይሉ ይሆናል። በገጠር የምርጫ አስፈጻሚ ሆኖ ወረቀቱን የሚቆጥረው ብዙውን ጊዜ ማን ነው? መምህሩ ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ እንገኛለን። አንድ ምሽት በፋኖስ ብርሃን ወረቀት ስንቆጥር አንድ ሹም ገብቶ «ይህችን ቁጥር አስተካክላት» ይለን ይሆናል። ያን ምሽት የምናደርገውን ነገር የምንማረው ከዚህ ግቢ ነው፤ ካልተማርነውም ከዚህ ግቢ ነው።

በ1961 ዓ.ም. ጥላሁን ግዛው ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በመኮንን ቢሻው ተሸንፎ ነበር። ትግሉን አልተወም፤ ማኅበሩንም አልከፈለም። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ቀርቦ ተመረጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. በጥይት ተገደለ። ስለ አሟሟቱ ብዙ ተጽፏል። ስለ አሸናነፉ ግን እምብዛም አይነገርም፤ እኛ ዛሬ ያነሣነው ለዚህ ነው። በዚያ ዘመን ተማሪዎቹ በሐሳብ እስከ መጣላት ይከራከሩ እንደ ነበረ ይታወቃል፤ የተሸነፈው ሰው ግን ለሚቀጥለው ዓመት እንዲጠብቅ ያደረገው አንድ ነገር ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምርጫ ኮሚቴ የምናቀርበው ጥያቄ እነሆ። ቆጠራው በምግብ አዳራሹ ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ከእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ወገን አንድ ወኪል ባለበት ይደረግ። እያንዳንዱ ወረቀት ከፍ ተደርጎ ለሁሉ እየታየ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ድምሩ ያለ ድልዝ ተጽፎ ወኪሎቹ ከፈረሙበት በኋላ በዚያው ሌሊት በአዳራሹ በር ላይ ይለጠፍ፤ አንድ ቅጂም ለዚህች ጋዜጣ ይሰጥ፤ እንደ ደረሰን ሳንጨምር ሳንቀንስ እናትመዋለን። አቤቱታ ያለው በሦስት ቀን ውስጥ ያቅርብ፤ አቤቱታውን የሚሰሙት ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የተስማሙባቸው ሦስት መምህራን ይሁኑ። ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ የሆኑ መምህራን ስማቸውን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ በተሰቀለው ወረቀት ላይ እንዲጽፉልን በአክብሮት እንለምናለን። እስከ ትናንት ማታ ድረስ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ስም አንድ ብቻ ነው።